ጉልበት ፍለጋ የጠፋ ጉልበት፦ በቤት የተሻሻለ የአንድ ሞተር የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህን ጉዳይ ለመመዝገብ ያነሳሳኝ ጥፋቱ ብርቅ መሆኑ አይደለም። እያንዳንዱ ጥፋት ብቻውን ቢመጣ ማንኛውም መካኒክ በግማሽ ቀን ያገኘው ነበር። እዚህ ግን ሦስት ጥፋቶች በአንድ ቅዳሜና እሁድ በአንድ ሞተር ላይ ተፈጠሩ። ከዚያ በላይ ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተር ጥፋቶቹን እያካካሰ ለብዙ ቀናት ሸፈናቸው። ሞተሩ ቢቆም ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ እሱ ግን እየሠራ ጉልበት አጣ።

መኪናው እና ባለቤቱ

መኪናው ባለ 4 ሲሊንደር፣ 1.6 ሊትር፣ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ያለው የቤት አውቶሞቢል ነው። ወደ 140 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዟል። ነዳጁን የሚመጥነው ወደ ሞተሩ የሚገባውን የአየር መጠን በሚለካ ሴንሰር ነው። ይህ ሴንሰር ለታሪኩ ቁልፍ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባለቤቱ የሠላሳ ዓመት ገደማ ወጣት ነው። ሙያው ሌላ ቢሆንም እጁ የተፍታታ ነው፤ ዘይትና የፍሬን ሸራ ለዓመታት ራሱ ሲቀይር ቆይቷል። መኪናው ከመነካቱ በፊት ምንም ችግር አልነበረበትም። ይህን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ፤ መልሱም ያው ነው። ነገር ግን «ደህና ነበር» ከሚለው ቃሉ በቀር በቁጥር የተያዘ ምንም ነገር አልነበረም። ከ60 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በስንት ሰከንድ ይደርስ እንደነበር፣ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ይጠጣ እንደነበር የሚነግረን አልተገኘም።

በሁለት ቀን የተሠራው

ዓላማው ሞተሩ በደንብ እንዲተነፍስ ማድረግ ነበር። ኦርጅናሉን የአየር ፊልትሮ ሳጥን አውጥቶ በምትኩ ሰፋ ያለ የብረት ቧንቧና ጫፉ ላይ ክፍት የሆነ፣ በዘይት የሚነከር የጥጥ ፊልትሮ ገጠመ። የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ከድሮው መያዣው ነቅሎ በአዲሱ ቧንቧ ላይ አሰረው። ስሮትል ቦዲውን፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋውን ክፍል፣ ፈትቶ አጠበና መልሶ ገጠመ። ካንዴላዎቹን ከፋብሪካው መለኪያ አንድ ደረጃ «ቀዝቃዛ» በሆኑ፣ ማለትም ሙቀታቸውን ቶሎ በሚያስተላልፉ ካንዴላዎች ቀየረ። በመጨረሻም የኋላውን ማርሚታ አውጥቶ ድምፅ የማያፍን ቀጥተኛ ማርሚታ አስበየደ።

ሥራው ራሱ ንጹሕ ነበር፤ ብሎኖቹ ጠብቀዋል፣ ሽቦዎቹ ታስረዋል። ሥራው በዝርክርክነት የሚታማ አልነበረም።

ምልክቶቹና የመጀመሪያዎቹ ግምቶች

በመጀመሪያው ቀን ባለቤቱ ደስተኛ ነበር። «ጋሼ፣ ድምፁን ብትሰማው!» ብሎ ደወለልኝ። በሳምንቱ ዳገት ላይ መኪናው እንደ ድሮው እንደማይጎትት አስተዋለ። በደቂቃ 3000 ዙር አካባቢ ነዳጅ ሲረግጥ ይንገጫገጫል። ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ከፍ ዝቅ ይላል። በዘጠነኛው ቀን የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱ በራ። የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ፣ ስካነሩ፣ ያሳየው ኮድ ፒ0171 ሲሆን ትርጉሙም «ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል» ነው።

ባለቤቱ ኮዱን አይቶ ሁለት ዕቃ ቀየረ። በመጀመሪያ የኦክስጅን ሴንሰሩን፣ ያ ሳይሠራ ሲቀር የነዳጅ ፓምፑን። ሁለቱም ምንም ለውጥ አላመጡም። የኦክስጅን ሴንሰሩን መቀየር መርዶ ነጋሪውን እንደ መክሰስ ነበር። ሴንሰሩ ያየውን ተናገረ እንጂ ነዳጁን ያሳነሰው እሱ አይደለም። ፓምፑ ሊጠረጠር ይችል ነበር፤ ግን ከመቀየሩ በፊት ግፊቱን መለካት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ በኋላ ስለካው 3 ባር አካባቢ፣ ማለትም ለዚህ ሞተር ልክ ነበር። የተነቀለውን አሮጌ ፓምፕም መልሰን ሞከርነው፤ እሱም ያንኑ ግፊት ሰጠ።

ምርመራው

መኪናው ወደ እኔ ሲመጣ የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። ስካነሩን ሰክቼ ኮዱን አየሁና «ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ እንይ» ብዬ አጠፋሁት። ኮድ ሲጠፋ አብረውት የሚጠፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ስህተቱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረው የሞተር ሁኔታ፣ ማለትም ዙሩ፣ ሙቀቱ፣ ጭነቱና ፍጥነቱ ነው። ሌላው ኮምፒውተሩ በቀናት ውስጥ የተማረው የነዳጅ ማስተካከያ ነው። ሁለቱንም ሳልጽፍ ደመሰስኳቸው። ማስተካከያው ተመልሶ እስኪረጋ ባለቤቱ ሁለት ቀን መንዳት ነበረበት። ኮድ ከማጥፋት በፊት ፎቶ ማንሳት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ይህን መርሳቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ቁጥሮቹ ተመለስን። የነዳጅ ማስተካከያ ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። ቤንዚን በሙሉ እንዲቃጠል ለ1 ግራም ነዳጅ 14.7 ግራም ገደማ አየር ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር በሴንሰሩ ይለካል፣ የሚገባውን ነዳጅ ያሰላል፣ ከዚያም የኦክስጅን ሴንሰሩ በጭስ ማውጫው ላይ የሚነግረውን ሰምቶ ስሌቱን ያርማል። እርማቱ በመቶኛ ይጻፋል፤ ሲደመር ማለት ኮምፒውተሩ ነዳጅ እየጨመረ ነው ማለት ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ ከዜሮ ብዙ አይርቅም፤ 10 በመቶ ሲያልፍ ምክንያት መፈለግ ይገባል። እርማቱ 25 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ብዙ ኮምፒውተሮች ተስፋ ቆርጠው መብራቱን ያበራሉ።

በእኛ መኪና እርማቱ በሚኒሞ ሲደመር 24 በመቶ፣ በ2500 ዙር ደግሞ ሲደመር 18 በመቶ ነበር። ከሁለቱ ቁጥሮች ትልቅነት ይልቅ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነው የሚናገረው። ከሴንሰሩ በኋላ በቀዳዳ የሚሾልክ አየር ካለ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ትንሽ አየር ስለሚስብ ሾልኮ የሚገባው ድርሻ ትልቅ ይሆናል፤ ዙር ሲጨምር ድርሻው ይቀንሳል፣ እርማቱም አብሮ ይወርዳል። የነዳጅ አቅርቦት ከደከመ ተቃራኒው ይታያል፤ በሚኒሞ ደህና ሆኖ ጭነት ሲመጣ እርማቱ ይወጣል። የአየር መለኪያው በተመሳሳይ መጠን እያሳነሰ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ እርማቱ በሁሉም ዙር ተቀራራቢ ይሆናል። የእኛዎቹ ቁጥሮች ከሦስቱ አንዱን ብቻ አልመሰሉም። በሁለቱም ዙር የሚታይ ከፍ ያለ ወለል፣ ማለትም 18 በመቶ፣ አለ፤ በሚኒሞ ደግሞ ከወለሉ በላይ ተጨማሪ 6 በመቶ አለ። ሁለት ጥፋት እንዳለ የጠረጠርኩት እዚህ ላይ ነው።

ተጨማሪውን 6 በመቶ አስቀድመን ፈለግን። መጀመሪያ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ውኃ እየረጨን ሚኒሞው ይለወጥ እንደሆነ አዳመጥን፤ የሚታመን ነገር አላገኘንም። አንዳንዶች ለዚህ ተቀጣጣይ ማጽጃ ይረጫሉ። በጋለ የጭስ ማውጫ አጠገብ ይህን ማድረግ እሳት መጋበዝ ስለሆነ አላደረግነውም። ከዚያ የጢስ ማሽን ተውሰን ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በአየር መግቢያው ጢስ ሞላን። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከስሮትል ቦዲው ሥር ቀጭን ጢስ ወጣ። ባለቤቱ ሲያጥበው ጓርኒሲዮኑን፣ ማለትም መገጣጠሚያውን የሚያሽገውን ስስ ንጣፍ፣ አሮጌውን መልሶ ነው የገጠመው፤ አንዱ ጠርዙ ታጥፎ ነበር። በአዲስ ጓርኒሲዮን ተተካ፣ የሚኒሞው መወዛወዝ ቆመ፣ እርማቱም በሚኒሞም በ2500 ዙርም 18 በመቶ ላይ ገጠመ።

ባለቤቱ እዚህ ላይ ተደሰተ። እኔ ግን ወለሉ እንዳለ መኖሩ ነበር ያሳሰበኝ። መንገድ ላይ በ4ኛ ማርሽ ከ60 ወደ 100 ስንለካው ከጥገናው በፊት 14.6 ሰከንድ የነበረው አሁን 14.3 ሆነ። ጉልበቱ አልተመለሰም ማለት ነው።

የአየር መለኪያ ሴንሰሩን አወጣነው። ስስ በሆነው የጋለ ሽቦ ላይ የዘይት ሽፋን ይታያል፤ አዲሱ የጥጥ ፊልትሮ ከልክ በላይ ዘይት ተቀብቶ ነበር። ለሴንሰሩ በተሠራ ማጽጃ ሳይነካ ረጭተን አደረቅነው። እርማቱ ከ18 ወደ 16 ወረደ። ቆሻሻው እውነተኛ ጥፋት ቢሆንም ድርሻው ትንሽ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው በካሊፐር መለካት ብቻ ነው። የኦርጅናሉ የሴንሰር መያዣ የውስጥ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር፣ የአዲሱ ቧንቧ 65 ሚሊ ሜትር። አምስት ሚሊ ሜትር ለዓይን ምንም አይመስልም። ነገር ግን አየር የሚያልፈው በክቡ ስፋት ሁሉ ስለሆነ የሚነጻጸረው የሁለቱ ዲያሜትር ካሬ ነው። 65 ለ60 ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ 1.17 ይሆናል። ሴንሰሩ የሚያየው በአጠገቡ የሚያልፈውን ናሙና ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ያንን ናሙና በ60 ሚሊ ሜትር ቧንቧ እንዳለ አድርጎ ያባዛዋል። አየሩ በሰፋ ቧንቧ ቀስ ብሎ ሲያልፍ «የገባው አየር ጥቂት ነው» ብሎ ነዳጁን ያሳንሳል። ለማካካስ 17 በመቶ ተጨማሪ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ያገኘነው 16 ነው። ይህን ያህል መቀራረቡ በከፊል ዕድል ይመስለኛል፤ ሴንሰሩ ከቧንቧው መታጠፊያ ያለው ርቀትም ንባቡን ሊያዛባ ይችላልና። አቅጣጫው ግን አያጠራጥርም።

ከሌላ በኩል ለማረጋገጥ ቀላል ስሌት ሠራን። 1.6 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6000 ዙር ሲሽከረከር፣ ሲሊንደሮቹ በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሚሞሉ፣ በደቂቃ 4800 ሊትር ወይም በሰከንድ 80 ሊትር ይስባል። አንድ ሊትር አየር በባሕር ወለል አካባቢ 1.2 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። ስለዚህ ፍጹም ቢሞላ 96 ግራም፣ 85 በመቶ ቢሞላ 82 ግራም በሰከንድ ይሆናል። ስካነሩ በሙሉ ነዳጅ፣ ማለትም ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ያሳየን 69 ግራም ብቻ ነበር። ሰፊ የአየር መንገድ የተገጠመለት ሞተር በወረቀት ላይ ከድሮው ያነሰ ይተነፍሳል።

ጉልበቱ የጠፋበት መንገድም እዚህ ላይ ተገለጠ። ኮምፒውተሩ አየሩ ጥቂት ነው ብሎ ሲያምን ሞተሩ ቀላል ጭነት ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ካንዴላው ቀድሞ እንዲተኩስ ያዛል። በእውነት ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ብዙ አየርና ያነሰ ነዳጅ አለ። ነዳጁ ያለ ሥርዓት እየፈነዳ ማንኳኳት ይጀምራል፣ የማንኳኳት ሴንሰሩ ይሰማል፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩን ለማዳን ተኩሱን በብዙ ያዘገያል። በዳገት ላይ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር በስካነሩ ላይ ይህ መዘግየት ይታይ ነበር። ለከፍተኛ ጉልበት ድብልቁ ከ14.7 ወርዶ 12.5 እና 13 መካከል መሆን ሲገባው፣ ያ እንኳ አልተሟላም።

ሦስተኛው ጥፋት

ኦርጅናሉን ሳጥንና የሴንሰር መያዣ መለስን። እርማቱ ሲደመር 3 በመቶ ሆነ፣ በሙሉ ነዳጅ የሚነበበው አየር 80 ግራም ደረሰ፣ ከ60 ወደ 100 ደግሞ 11.9 ሰከንድ። በዚህ ላይ ብናቆም ሥራው ያለቀ ይመስል ነበር፤ ባለቤቱም ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘርግቶ ነበር። ሆኖም በ3000 ዙር አካባቢ በከባድ ጭነት ትንሿ መንገጫገጭ አልጠፋችም።

የሚስ ማድረግ ቆጣሪው፣ ማለትም ድብልቁ ሳይቀጣጠል የቀረበትን ጊዜ የሚቆጥረው፣ የ3ኛውን ሲሊንደር አሳየን። ዕቃ አልገዛንም፤ አዛወርን እንጂ። የ3ኛውን ቦቢና፣ ማለትም ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ዕቃ፣ ከ1ኛው ጋር አቀያየርን፤ ሚሱ 3ኛው ላይ ቀረ፣ ስለዚህ ቦቢናው ነጻ ወጣ። ካንዴላውን አቀያየርን፤ ሚሱ ወደ 1ኛው ተከትሎት ሄደ። ካንዴላውን ወደ ብርሃን አቅርበን ስናየው በነጩ ሸክላ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ሲገጠም ቁልፉ አጋድሎ ሳይሆን አይቀርም። በቀላል ጭነት ብልጭታው በክፍተቱ ያልፋል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ግን በስንጥቁ አቋርጦ ማምለጥ ይቀልለዋል። ለዚህ ነው በዳገት እንጂ በሜዳ የማይታየው።

የተቀሩት ሦስት ካንዴላዎች ባይሰነጠቁም ጥቁር ጥላሸት ለብሰው ነበር። «ቀዝቃዛ» ካንዴላ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ሞተሩ ራስ ያስተላልፋል። ጫፉ 450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ካልደረሰ ጥላሸቱን አቃጥሎ ራሱን አያጸዳም። ይህ ዓይነቱ ካንዴላ ተርቦ ለተገጠመለት ወይም ለረጅም ሰዓት በሙሉ ጉልበት ለሚነዳ ሞተር ይጠቅማል፤ በከተማ ለሚሄድ 1.6 ሞተር ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ወደ ፋብሪካው መለኪያ ተመለስን። መንገጫገጩ ጠፋ፣ ከ60 ወደ 100 የሚፈጀውም 11.5 ሰከንድ ሆነ።

የሠራውና ያልሠራው

ከአምስቱ ለውጦች በቦታው የቀረው ማርሚታው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በሰከንድ የሚለካ ነገር አልጨመረም፤ የድሮውን ማርሚታ በጊዜያዊነት ገጥመን ስንለካ ልዩነቱ በመለካት ስህተታችን ውስጥ ነበር። ድምፅ ፍጥነት ይመስላል። እኔም ብሆን ዓይኔን ጨፍኜ ቢጠይቁኝ ጯሂው መኪና ይፈጥናል ባልኩ ነበር።

ክፍት ፊልትሮው ላይ ግን ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ስላለ። በኮፈኑ ሥር የተቀመጠው ክፍት ፊልትሮ በትራፊክ ውስጥ 58 ዲግሪ የሆነ አየር ሲስብ ለካነው። ከፊት መብራቱ ጀርባ ከውጭ የሚስበው ኦርጅናል ሳጥን በዚያው ሁኔታ 33 ዲግሪ ነበር። የ25 ዲግሪ ልዩነት ማለት 8 በመቶ ገደማ የሳሳ አየር ነው። የአየር መለኪያው ይህን ስለሚያውቅ ነዳጁን አብሮ ያሳንሳል፤ ስለዚህ ኮድ አይመጣም፣ መብራትም አይበራም። ጉልበቱ ብቻ ይቀንሳል። የቧንቧው ስፋት ትክክል ቢሆን እንኳ ይህ ፊልትሮ በዚያ ቦታ ከድሮው ያንስ ነበር።

ሰፊ ቧንቧ ፈጽሞ አይሠራም እያልኩ አይደለም። ሴንሰሩ በአዲስ መያዣ ሲቀመጥ የኮምፒውተሩ የአየር ሰንጠረዥ አብሮ መቀየር አለበት፤ ይህ ደግሞ መሣሪያና ሰፊ መለኪያ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር የሚጠይቅ ሥራ ነው። ባለቤቱ ሁለቱም አልነበሩትም። በተጨማሪም ተርቦ በሌለው ትንሽ ሞተር ላይ የፋብሪካው ሳጥን ብዙ ጊዜ ጠባብ አይደለም።

ለሌላ መኪና የሚጠቅመው

የመጀመሪያው ነገር መነሻ ቁጥር ነው። ብሎን ከመፈታቱ በፊት የነዳጅ እርማቱ በሚኒሞና በ2500 ዙር፣ በሙሉ ነዳጅ የሚነበበው አየር፣ በተወሰነ ማርሽ ከአንድ ፍጥነት ወደ ሌላው የሚፈጀው ሰከንድ ይጻፍ። እዚህ ጉዳይ ላይ ይህ ቢኖር ባለቤቱ በመጀመሪያው ቀን ድምፁን ሳይሆን ሰከንዱን ያይ ነበር። ልኬቱ ጭር ባለ ቀጥተኛ መንገድ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ከሁለት ጊዜ በላይ ይደገም፤ ንፋስና ቁልቁለት ያታልላሉ።

ሁለተኛው፣ ለውጥ አንድ በአንድ ይሁን፤ በመካከሉም ቢያንስ የጥቂት ቀናት መንዳት ይኑር። አምስቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው አምስት ተጠርጣሪ ይዞ ይቀራል። ሦስት ጥፋቶች በተደረቡበት ጊዜ ደግሞ አንዱን ማስተካከል ውጤት አልባ ይመስላል፤ ጓርኒሲዮኑ ትክክለኛ ጥገና ሆኖ ሳለ 0.3 ሰከንድ ብቻ ነው የሰጠን።

ኮድ የሚነግረው ምን እንደታየ እንጂ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይደለም። ፒ0171ን ይዞ ዕቃ መቀየር ያለ ምርመራ መድኃኒት እንደ መውሰድ ነው። እርማቱ ከዙር ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ማየት ግን በነጻ ነው፤ ስካነሩ ባለቤቱ እጅ ነበር፣ ኮድ ከማንበብ በቀር አልተጠቀመበትም።

ከሁሉም ያስጨነቀኝ ኮምፒውተሩ መሸፈኑ ነው። 18 በመቶ ስህተትን ለዘጠኝ ቀን ተሸክሞ ሞተሩን አስነዳ። መብራት አለመብራቱ ጤንነት እንዳልሆነ ሁላችንም በአፍ እንናገራለን፤ በተግባር ግን መብራቱ ካልበራ ኮፈን የሚከፍት ጥቂት ነው። ይህ መኪና እስከ መጨረሻ እየተረገጠ፣ ነዳጅ ባነሰው ድብልቅ ረጅም መንገድ ቢሄድ ኖሮ ፒስተን ሊያቃጥል ይችል ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ

እርማቱ ከሲደመር 2 እስከ ሲደመር 4 በመቶ መካከል ረግቷል። ኮዱ አልተመለሰም። ባለቤቱ ማርሚታውን በሁለተኛው ወር አወጣው፤ በረጅም ጉዞ ራስ ምታት ሆኖበት። የብረት ቧንቧው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ የሚገዛው ካገኘ ይሸጠዋል፣ እኔ ግን ለገዢው 65 ሚሊ ሜትር መሆኑን እንዲጽፍለት ነግሬዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ካምሻፍት፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ፣ ስለመቀየር ሊያማክረኝ መጣ። ምንም ሳልናገር ከኪሱ ደብተር አወጣ፤ 11.5፣ 11.6፣ 11.4፣ የአየር ሙቀቱ፣ የጎማው ግፊት፣ ቀኑ። ስለ ካምሻፍቱ ገና አልተስማማንም።